መስቀል የተበሳበት ክራር

ስልከኛ ሆኖ የሚደውልለት ማጣት ወጥ ቤት ተቀጥሮ እንደ መራብ ነው። ይህን ከሰው ሰምቼው አይደለም፤ በጃንሆይ ዘመን በእስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ስልከኛ ሆኜ ስለ ኖርኩ ነው። ጎንደር ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ እስቴ ውስጥ የአክስቴ ልጅ ቀርቶ የአክስቴን ልጅ የሚያውቅ ሰው እንኳ አልነበረኝም። ያም ሆኖ ምደባው ሲነገረኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አገር ከአገር የሚነጋገረው በእኔ እጅ ስለሆነ ከሰው ሁሉ ጋር ስጫወት የምውል መስሎኝ ነበር። ሽቦ ወሬ ያሳልፋል እንጂ ወዳጅ አያሳልፍም ብሎ የመከረኝ አልነበረም።

ስልክ ቤቱ ከገበያው ዳር ያለች ባለ አንድ ክፍል ቤት ናት። ግድግዳው ላይ እጀታው የሚሽከረከር ጥቁር ስልክ ተሰቅሏል፤ ከፊቱ አንድ አግዳሚ፣ አንድ ጠረጴዛና እኔ አለን። የዚያን ጊዜ ሰው ስልክ የሚያስደውለው ዘመድ ሲሞት ወይም ሲታሰር ብቻ ነበር። መልእክቱን ተቀብዬ ለባለቤቱ የማደርሰው ደግሞ እኔው ነኝ። ስለዚህ በአገሩ የእኔ መምጣትና የመርዶ መምጣት አንድ ሆነ። ገና የግቢውን በር ሳልፍ ሴቶቹ መቀነታቸውን አጥብቀው ለቅሶ ይጀምራሉ። አንድ ቀን እንቁላል ልገዛ ወደ አንድ ቤት ጎራ ብል የቤቱ እመቤት እሪታቸውን አቀለጡት። ጎረቤት ግር ብሎ መጣ። እንቁላል ፈልጌ ነው ብል የሚሰማኝ ጠፋ። በኋላ የሞተ ሰው አለመኖሩን ሲረዱ ደስ ይላቸዋል ስል ጭራሽ ተቆጡኝ፤ ያለቀሱት ለቅሶ በከንቱ መቅረቱ ሳይከነክናቸው አልቀረም። እንቁላሉንም አልሸጡልኝም። ከዚያ ወዲያ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ አማትበው መንገድ የሚለውጡ በዙ። እኔም ሰው ሳገኝ እንደምን ዋላችሁ ከማለቴ በፊት «ማንም አልሞተም» ማለት ለመድኩ። ሰላምታውን እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ደግሞ ወዳጅ አያበዛም።

የምኖረው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ በእማሆይ ወለተ ማርያም ግቢ በነበረች ጎጆ ነው። እማሆይ ልጆቻቸውን በሕፃንነታቸው፣ ባላቸውን በስተርጅና ቀብረው ቆብ የደፉ፣ ረጅም፣ ቀጭን መነኩሴ ናቸው። ደግ ናቸው፤ ቆሎ ሲቆሉ ሳይዘግኑልኝ አይቀሩም። ነገር ግን ደግነታቸው አጥር አለው። በግቢያቸው ማፏጨት ክልክል ነው፤ ሰይጣን ይጠራል። እጅን አገጭ ላይ አድርጎ መቀመጥ ክልክል ነው፤ ሐዘን ይጠራል። ዘፈን ምን እንደሚጠራ እንኳ ሊነግሩኝ አልፈለጉም።

እንግዲህ የቀረኝ ጋሻው ብቻ ነበር። ጋሻው የደብረ ታቦሩ ስልከኛ ነው። በየማለዳው ሽቦው ጤና ማደሩን ለማወቅ እንደዋወላለን። እሱ «ይሰማል?» ይላል፤ እኔ «ይሰማል» እላለሁ። ደንቡ ይኸው ነበር። ሁለት ቃል ለተራበ ሰው አይበቃምና ውሎ አድሮ ከይሰማል ቀጥሎ እንዴት አደርክ መጣ፤ ከእንዴት አደርክ ቀጥሎ ምን ሕልም አየህ መጣ። እሱም እንደኔ ለአገሩ እንግዳ ነው። ድምፁ ወፍራም ስለነበር እኔ በሐሳቤ ትከሻው ሰፊ፣ ሪዙ የጎፈረ ሰው አድርጌ ሠርቼው ነበር። አንድ ቀን ቀበቶው ሰፍቶት አዲስ ቀዳዳ እንደበሳ ቢነግረኝ ተቀየምኩት። ፊቱን አይቼው አላውቅም። ቢሆንም በቀን ውስጥ ስሜን የሚጠራ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ክራር የገዛሁት በዚህ መሐል ነው። ከስማዳ የመጡ አንድ ሽማግሌ መጫኛና ጠፍር ዘርግተው ሲሸጡ፣ አንድ ክራር ከጠፍሩ መሐል እንደተጣለ ሕፃን ተጋድሞ አየሁ። ጎንደር ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ ክራር ነበረው፤ እሱ ሲወጣ እየሰረቅሁ እነካካ ነበርና እጄ ፈጥኖ ሄደ። ሽማግሌው ሲያስረክቡኝ «አፉን ራስህ ትከፍትለታለህ» አሉኝ። ምርቃት መስሎኝ አሜን ብዬ ወሰድኩት።

እማሆይን ፈርቼ ስልክ ቤት አስገባሁትና በሩን ዘግቼ መታሁት። ጎተራ ውስጥ ገብቶ የሚያስነጥስ ሰው ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው ድምፁ። ጅማቱን ባጠብቀው አስነጠሰ፤ ባላላው አስነጠሰ። በማግስቱ ማለዳ ለጋሻው አሰማልሃለሁ ብዬ ወደ ስልኩ አፍ አስጠግቼ መታሁለት። ምን እንደምወቅጥ ጠየቀኝ። ክራር ነው አልኩት። ቆዳው ላይ ቀዳዳ አለው ወይ አለኝ። አገላብጬ አየሁት። ቆዳው ከክራሩ ገበቴ አፍ ጥግ እስከ ጥግ እንደ ከበሮ ተወጥሯል እንጂ የመርፌ መግቢያ የለውም።

«ታዲያ በየት በኩል ይውጣ?» አለኝ ጋሻው።

ሽማግሌው አፉን ትከፍትለታለህ ያሉኝ ያኔ ገባኝ። ምርቃት አልነበረም። ጋሻው ወስፌ አግዬ፣ ጅማቱን ከሚሸከመው እንጨት ራቅ አድርጌ፣ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ እንድበሳ መከረኝ። አንዲት ብቻ ብሎ ደግሞ አስጠነቀቀኝ። በሳሁት። ቆዳው ጭስ አለና ጠረኑ ቤቱን ሞላው። ከዚያ ጅማቱን ነካ ሳደርገው፣ እናንተዬ፣ ከውስጥ ድምፅ ወጣ። በዚያች ክፍል ውስጥ ከእኔ በቀር ሌላ ሲናገር ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። የሰው ልጅ ግን መች በአንድ ቀዳዳ ረክቶ ያውቃል። አንድ ቀዳዳ ይህን ያህል ካናገረው ሌላ ብጨምርለትስ ብዬ በቀኝ በሳሁ። በቀኝ በኩል ሲከፈት በግራ ያዘነ መሰለኝና በግራ ደገምኩ። የግራው ወደ ታች ዘመመብኝ፤ እሱን ለማቃናት ከላይ ጨመርኩ። የላይኛው ብቻውን ሲቀር ከታች ጓደኛ ፈለግሁለት። ቀና ብዬ ሳየው ነገሩ ሁሉ ወደ መስቀል እየሄደ ነው። ይኼኔ አንድ ብልኀት የመሰለ ቂልነት መጣልኝ። መስቀሉን ባሳምረው እማሆይ አይተው ልባቸው ይራራል፣ ክራሬንም ቤቴ አስገብቼ ማምሻዬን ከሰው እንደዋለ ሰው እጫወታለሁ ብዬ አሰብኩ። ወስፌውን እያጋልኩ ጫፍና ጫፉን ዘርዘር፣ መሐሉን ጠበብ አድርጌ ጨረስኩት። እውነቴን ነው፣ ቄስ ቢይዘው የማያፍርበት መስቀል ወጣው። ድምፁ ትንሽ ጎርነን ቢልም ሕያው ነው።

ክራሬን ታቅፌ ወደ ግቢ ስገባ እማሆይ ደጃቸው ላይ ገብስ ያሰጣሉ። ሲያዩኝ መቋሚያቸውን ይዘው ብድግ አሉ። ጀርባዬን ለምት አዘጋጀሁ። እሳቸው ግን ቀረብ ብለው ቆዳውን አዩና አማተቡ፤ ክራሩን ከእጄ ተቀብለው መስቀሉን ተሳለሙት። ከዚያ በኋላ ነው ጥያቄው የመጣው። ማን እንደበሳው ጠየቁኝ፤ እኔ ነኝ አልኩ። በምን ቢሉኝ በወስፌ አልኩ። ዘፈን ተመትቶበት እንደሆነ ሲጠይቁኝ ለመዋሸት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዓይናቸውን ሳይ «ጥቂት» የምትል ቃል አመለጠችኝ።

እማሆይ ክራሩን ይዘው ወደ ቤታቸው ገቡ። ከእመቤታችን ሥዕል አጠገብ፣ በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ሰቀሉትና ነጭ ጨርቅ ጣል አደረጉበት። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ መለመን ጀመርኩ። ይመልሱልኝ ብል ዘፈን ልትመታበት ነው አሉኝ። ጥፋት ከሆነ ላቃጥለው ብል መስቀል አይቃጠልም አሉኝ። እሺ ቀዳዳውን በሰም ልድፈነው ብል ይህን ሰምቶ ጆሯቸው እንዳይረክስ የፈሩ ያህል እጃቸውን አወናጨፉ። ክራሬ የማይመታ፣ የማይቃጠል፣ የማይደፈን፣ የማይመለስ ነገር ሆኖ ቀረ።

ወሬው ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ለመድረስ አንድ ቅዳሴ በቃው። ሽማግሌዎቹ ከጥዱ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ተከራከሩበት። አንዱ በመስቀሉ ዙሪያ ሌላ ቀዳዳ ተጨማምሮ እንደ ተበተነ ተልባ ቢሆን መስቀልነቱ ይጠፋል አሉ። ሌላው መስቀል የሚያጠፋው እጅ የማን ሊሆን ነው ብለው ዙሪያቸውን ሲመለከቱ፣ ሁሉም እጁን በኩታው ውስጥ ከተተ። እኔ ጾም እንዲሰጠኝ የጠየቁም ነበሩ፤ በምን ምክንያት እንደሆነ ግን አልተስማሙም። እነሱ ሲከራከሩ ሴቶቹ ወደ እማሆይ ቤት እየመጡ ክራሩን መሳለም ጀመሩ። አንዷ ራስ ምታቷ ተሻላት ተባለና ነገሩ ባሰ። ስልክ ቤት እኔን የሚጠይቅ ጠፍቶ ግቢያችን ክራሬን የሚጠይቅ ሰው ሞላው። በእኔ ፊት አልፈው፣ ጨርቁን ገልጠው፣ ተሳልመው፣ በእኔው ፊት ይመለሳሉ። እሱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጠያቂ በዛለት፤ እኔ በእግሬ እየሄድኩ የለኝም። በክራር መቅናት ምን እንደሚመስል ያየሁት ያኔ ነው።

በመጨረሻ ጉዳዩ የደብሩ ዜማ መምህር ዘንድ ቀረበ። የኔታ ዓይናቸው ደከም ያለ፣ ንግግራቸው አጭር ሽማግሌ ናቸው። ክራሩን በጣታቸው ዳሰሱት፣ መስቀሉን ቀዳዳ በቀዳዳ ቆጠሩት፣ ጅማቱን አንድ ጊዜ ነክተው ድምፁ እስኪጠፋ አዳመጡት። ከዚያም «እንጨቱ የዋንዛ ነው፤ ቆዳው የበግ ነው፤ መስቀሉ የክርስቶስ ነው። ዳዊትም አውታር ነበረው። ምስጋና ይመታበት፤ ዘፈን አይመታበት፤ እማሆይ ይጠብቁት» ብለው ፈረዱ።

ፍርዱ ለክራሩ መልካም ነበር፤ ለእኔ ግን ክራሬን ከነዘበኛው አስረከበኝ። ምስጋና አላውቅም። የማውቀው የሠርግና የናፍቆት ዘፈን ነው። የኔታ አንድ የምስጋና ዜማ ሊያስጠኑኝ ፈቀዱና በየሰንበቱ እማሆይ ቤት ተቀምጬ መማር ጀመርኩ። እማሆይ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ጣቴ የለመደውን መንገድ ይዞ ወደ ዘፈን ሲያዘነብል መቁጠሪያው ቀጭ ይላል። እመለሳለሁ። ትንሽ ቆይቶ ያዘነብላል፤ ቀጭ ይላል። እንዲህ ስንጓዝ አንዱን ዜማ ዳር ማድረስ አቃተኝ። ማለዳ ማለዳ ጋሻው ክራርህስ እያለ ይጠይቀኛል፤ ታስሯል እለዋለሁ፤ ይስቃል። የእሱን ሳቅ ሰምቼ የቀረውን ቀን እገፋለሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን ጋሻው ይሰማል ካለኝ በኋላ አልሳቀም። ወደ ሑመራ ተዛውሯል። ዶሮ ሳትታቀፍ እንቁላል የሚፈለፈልበት ቆላ ነው እየተባለ የሚወራለት አገር ነው። የሑመራ ሽቦ ደግሞ ከእኛ ሽቦ ጋር አይገናኝም፤ እዚያ ከገባ በኋላ ይሰማል የምባባለው ሰው እሱ አይሆንም። ሁለታችንም ስልከኞች ነንና ይህን ማስረዳት አላስፈለገንም። በማግስቱ ማለዳ የጭነት መኪና ላይ ይሳፈራል።

«ፊትህን አላየሁም» አለኝ። «ክራርህን እንኳ ሰምቼ ልሂድ።»

ማታውን እማሆይ ዘንድ ገብቼ ነገሩን ነገርኳቸው። መቁጠሪያቸውን አቁመው ሰሙኝ። ይህ ልጅ የማን ልጅ ነው አሉኝ። አላውቅም፣ ብቻ እናት እንደሌለው አንዴ ነግሮኛል አልኳቸው። ከዚያ ክራሩን ለእኔ እንደማይሰጡኝ፣ ግን ራሳቸው ይዘውት እንደሚመጡ ነገሩኝ።

በማለዳ እማሆይ ክራሩን በነጠላቸው እንደ ጽላት ሸፍነው ከፊት፣ የኔታ ዘፈን እንዳይመታ ሊጠብቁ ከኋላ ሆነው በገበያው መሐል መጡ። ቀኑ ገበያ ነበር። አሁን እናንተ ፍረዱ፤ መነኩሴና መምህር፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ የተሸፈነ ነገር ይዘው፣ ወደ መርዶው ቤት ሲገቡ ያየ ሰው ምን ይላል? አንዲት ሴትዮ ቅሏን አስቀምጣ አለቀሰች። ጎረቤቷ ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ ተከተለቻት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጳጳሱ ናቸው ያረፉት የሚል ወሬ ከበርበሬ ተራ ተነሥቶ ከብት ተራ ደረሰ፤ ገበያተኛው ሸክሙን እየጣለ ስልክ ቤቱን ከበበና እሪታው ቀለጠ።

እኔ በሩን ዘግቼ እጀታውን አሽከረከርኩ። ጋሻው ወዲያው አነሣ፤ ከውጭ መኪናው ጥሩንባ እየነፋበት እንደሆነ ነገረኝ። ክራሩን ልቀበል ወደ እማሆይ ዞር ስል እሳቸው መጀመሪያ ልጁን ሰላም ልበለው አሉኝ። እማሆይ ስልክ ነክተው አያውቁም። ማዳመጫውን አዙሬ ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው። ከገደል ማዶ ሰው እንደሚጠሩ ሆነው ጮኹ።

«ልጄ፣ እንዴት አደርክ? እናትህ ማን ትባል ነበር?»

ጋሻው የመለሰላቸውን እኔ አልሰማሁም። የእማሆይ ፊት ግን ሲለወጥ አየሁ። ማዳመጫውን በሁለት እጃቸው ያዙና ምርቃት ጀመሩ። በእመቤታችን መረቁት፤ በጊዮርጊስ መረቁት፤ በተክለ ሃይማኖት መረቁት፤ ከቆላ ንዳድ፣ ከእባብ፣ ከሽፍታ፣ ከክፉ ጎረቤት ይጠብቅህ አሉት። የኔታ ከየአንዱ በኋላ ረጋ ብለው አሜን ይላሉ። ውጭ ያለው ሕዝብ የእማሆይን ድምፅ በሰማ ቁጥር ሞቱ እየተረጋገጠለት ለቅሶው ይብስበታል። እኔ በእጄ እማጠናለሁ። ምርቃት የሚያቋርጥ ሰው ግን የት ተወልዶ ያውቃል? እሳቸው ነፍስ ሊዘሩ ጥቂት ሲያርፉ ክራሩን ከብብታቸው ነጠቅ አድርጌ ወደ ስልኩ አፍ አስጠጋሁና የምስጋናውን ዜማ መታሁ። የመጀመሪያው ዙር እንዳለቀ ከወዲያ በኩል ስልኩ ቀጭ አለ።

አሽከረከርኩ። ደጋግሜ አሽከረከርኩ። ከቆይታ በኋላ የማላውቀው ቀጭን ድምፅ መለሰልኝ። አዲሱ ስልከኛ ነው። ጋሻው መኪናው ጥሎት ሊሄድ ስለሆነ ሮጦ ወጥቷል አለኝ። ክራሩን ሰምቶት እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ክራር አላውቅም» አለኝ። «እኔ የሰማሁት ለቅሶ ነው።»

የኔታ ወጥተው ማንም እንዳልሞተ ለሕዝቡ ተናገሩ። ሕዝቡ እንባውን ጠርጎ፣ ሸክሙን ፈልጎ፣ እኔን በክፉ ዓይን አይቶ ተበተነ። እማሆይ ክራሩን ሸፍነው ተመለሱ። እኔ አግዳሚው ላይ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለወግ አይመችም። አዲሱ ስልከኛ ደንብ አክባሪ ነው፤ ይሰማል ይላል፣ ይሰማል እላለሁ፣ ይዘጋል። አንድ ጊዜ ምን ሕልም አየህ ብዬ ብጠይቀው ታመሃል ወይ አለኝ። ሰንበት ሲመጣ እማሆይ ቤት ለትምህርት አልሄድኩም፤ የኔታም አላስጠሩኝም። ክራሩ ከነጨርቁ ግድግዳው ላይ ነው። ማታ ጎጆዬ ገብቼ በሶዬን በጥብጬ ጠጥቼ እተኛለሁ። እጄን አገጬ ላይ አድርጌ ስቀመጥ እማሆይ በደጃፌ ሲያልፉ ያዩኛል፤ ሐዘን ትጠራለህ ብለው አይቆጡኝም። ከተጠራ ቆይቷልና።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ጉም ገበያውን ሸፍኖ ሰው በጠፋበት አንድ ከሰዓት፣ የስልክ ቤቱ በር ተንኳኳ። እማሆይ ናቸው። ብቻቸውን ናቸው። በአንድ እጃቸው ቅራሪ በቅል፣ በሌላው ክራሩን ይዘዋል። አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ቅራሪውን አቀበሉኝ። ከዚያ ያ ልጅ በስልክ ምን እንዳላቸው ነገሩኝ። እናቱ ስትሞት ሕፃን ስለነበር የሚያውቀው ስሟን ብቻ ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ ስሟን የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም። እማሆይ ከልጆቻቸው ስም ቀጥለው የእሷን ስም በየጸሎታቸው ሲያነሡ ከርመዋል።

ወዲያው ለልጁ ልመታለት የነበረው ምን እንደነበር ጠየቁኝ። ምስጋናው ነው አልኩ። እሱን አይደለም፣ እኔና የኔታ ባንኖር የምትመታለትን ነው አሉኝ። ዘፈን እንደሆነ፣ የናፍቆት ዘፈን እንደሆነ ነገርኳቸው።

ክራሩን ጉልበቴ ላይ አኖሩልኝ። እኔ ይህስ ብዬ መስቀሉን ባሳያቸው የተሰቀለበት ጌታ የሚያዝን ሰው ያውቃል አሉኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነጠላቸውን እስከ ጆሯቸው ድረስ ተከናነቡና «እኔ አልሰማም፤ ምታው» አሉ።

ቅኝቱን አስተካክዬ ቀስ ብዬ ጀመርኩ። ፈርቻለሁ፤ ጅማቱን እንደሚያመው ሰው ነው የምነካው። ውጭ ካፊያው ሣሩን ይመታል። መቁጠሪያው ቀጭ ይላል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለም። የመጀመሪያውን ዙር ጨርሼ ወደ ሁለተኛው ስሻገር እማሆይ ከነጠላቸው ውስጥ ሑመራ ምን ያህል እንደሚርቅ ጠየቁኝ። ከጎንደርም ያልፋል፣ በጣም ሩቅ ነው አልኳቸው።

«እንግዲያማ ጠንከር አድርገህ ምታው» አሉኝ።